የአንዳሉሲያ ትንንሽ ከተሞች ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት፦ ከኡቤዳ እስከ ቦባስትሮ

ወደ ደቡብ እስፔን የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ሴቪያን፣ ኮርዶባንና ግራናዳን አይቶ ይመለሳል። በሦስቱ ከተሞች የሚገኙት ታላላቅ ካቴድራሎች መታየት እንደሚገባቸው አልክድም፤ ነገር ግን በአንዳሉሲያ ትንንሽ ከተሞችና መንደሮች ያሉትን ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትና የጸሎት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘዋውሬ ከጎበኘሁ በኋላ፣ ጊዜው ያጠረበት ሰው ከትልልቆቹ አንዱን ትቶ ወደ እነዚህ ቢመጣ እንደማይጸጸት አምኛለሁ። እዚህ ሰልፍና ግፊያ የለም፤ ጎብኚው ከአንድ ቅርጽ ፊት የፈለገውን ያህል ቆሞ ሊያየው ይችላል፤ እያንዳንዱም ሕንፃ ያሠራውን ቤተሰብ ወይም ከተማ ታሪክ ይዞ ይጠብቀዋል።

ጉብኝቱን በኡቤዳ መጀመር ተገቢ ይመስለኛል። በሃኤን አውራጃ የምትገኘው ይህች ከተማ ከጎረቤቷ ከባኤዛ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ስትሆን፣ ዋና ሀብቷም ‹ሳክራ ካፒያ ዴል ሳልባዶር›፣ በእኛ አጠራር የመድኃኔዓለም የጸሎት ቤት ነው። ያሠራው የኡቤዳ ተወላጅና የንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ጸሐፊ የነበረው ፍራንሲስኮ ዴ ሎስ ኮቦስ ሲሆን፣ ለራሱና ለባለቤቱ ለማሪያ ዴ ሜንዶሳ የመቃብር ቦታ እንዲሆን አስቦ ነበር። የመጀመሪያውን ንድፍ በ1536 ያወጣው አርክቴክቱ ዲዬጎ ዴ ሲሎኤ ነው፤ ሥራውን ከፍጻሜ ያደረሰው ግን ሌላው አርክቴክት አንድሬስ ዴ ባንዴልቢራ ነው። ሕንፃው በ1559 ሲባረክ ኮቦስ ከሞተ 12 ዓመት አልፎት ነበርና፣ ያን ያህል የደከመበትን ሥራ ተጠናቆ ለማየት አልታደለም።

ከዋናው በር በላይ ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን ሲገልጥ የሚያሳይ ቅርጽ አለ። ቀና ብሎ የበሩን ቅስት ውስጠኛ ገጽ የሚመለከት ሰው ግን ያልጠበቀውን ያገኛል፤ በዚያ ተደርድረው የተቀረጹት የጥንት ግሪክና ሮም አማልክት ናቸው። የዘመኑ የተማሩ ሰዎች የጥንቱን ዓለም ጥበብ ከክርስትና እምነት ጋር ማስማማት እንደሚቻል ያምኑ ስለነበር ነገሩ እንደ ድፍረት አልተቆጠረም። እኔም ይህን ሳላስተውል ወደ ውስጥ ገብቼ ነበርና፣ ስወጣ ተመልሼ ቆሜ እያንዳንዱን ምስል ለመለየት ሞከርሁ።

ውስጡ ረዘም ያለ አዳራሽ ሆኖ መጨረሻው በክብ ጉልላት ሥር ይከፈታል፤ መንበሩም በዚያ ነው። ከመንበሩ ጀርባ ቀራጺው አሎንሶ ቤሩጌቴ የሠራው የደብረ ታቦር ትዕይንት ይገኝ ነበር፤ በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ አብዛኛው ጠፍቶ ከመጀመሪያው ሥራ የተረፈው የክርስቶስ ምስል ብቻ ነው። የቀሩት ምስሎች ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ሥራቸው ንጹሕ ቢሆንም ከቤሩጌቴ ምስል አጠገብ ሲታዩ ልዩነቱ ይገለጣል፤ በክርስቶስ ሰውነትና ልብስ ላይ ያለው እንቅስቃሴ በእነርሱ ላይ የለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ዕቃ ቤቱ መግባት አይዘንጋ። ባንዴልቢራ በሩን ያወጣው ከግድግዳው መካከል ሳይሆን ከማዕዘኑ ላይ ነው፤ በሁለት ግድግዳዎች መገናኛ ላይ የተጠማዘዘ የድንጋይ ቅስት እንዲሸከም አድርጎ መጥረብ ምን ያህል ስሌትና የእጅ ብልሃት እንደሚጠይቅ፣ ግንበኛ ያልሆነ ሰው እንኳ አይቶ ይረዳዋል።

ባኤዛ ከኡቤዳ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ካቴድራሏን ሳይ ደክሞኝ ስለነበር ብዙ አልልም፤ ትንሿን የሳንታ ክሩስ ቤተ ክርስቲያን ግን እመክራለሁ። በአንዳሉሲያ እምብዛም በማይገኘው፣ ወፍራም ግድግዳና ክብ ቅስት በሚታይበት የመካከለኛው ዘመን የሮማኔስክ ስልት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች ናት፤ ጌጥ ሳይበዛባት በወፍራም ግድግዳዋና በዝምታዋ ታረካለች።

ከሁሉ አብልጬ የወደድሁት ግን በኮርዶባ አውራጃ፣ በፕሪዬጎ ደ ኮርዶባ የሚገኘውን የአሱንሲዮን ቤተ ክርስቲያን ‹ሳግራርዮ›፣ ማለትም ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበትን የጸሎት ቤት ነው። ፕሪዬጎ በሐር ሥራ በልጽጋ የነበረች ከተማ ስለሆነች፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አብያተ ክርስቲያናቷን ጌጥ በሚያበዛው የባሮክ ስልት ለማስጌጥ አቅሙ ነበራት። የሳግራርዮው ባለሙያ ፍራንሲስኮ ሃቪዬር ፔድራሃስ ሲሆን፣ ሥራው በ1784 ተፈጽሟል። ስምንት ማዕዘን ያለው ክፍል ከወለሉ ከፍ ብሎ እስከ ጉልላቱ ጫፍ ድረስ በነጭ የጄሶ ቅርጽ ተሸፍኗል፤ ቅጠሉ፣ ምስሉ፣ ጥምዝምዙ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ይወጣል። ይህን ያህል ጌጥ በወርቅ ተለብጦ ቢሆን ኖሮ ዓይንን ያሰለች ነበር። ነጭ በመሆኑ ግን ከጉልላቱ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን በየቅርጹ ላይ እየተሰበረ ጥላውን ራሱን የጌጡ አካል ያደርገዋል። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ጠዋት መግባት ይሻላል፤ ደመና ሲያልፍ ክፍሉ ሁሉ መልኩን ሲለውጥ አይቻለሁ።

ስለ አገልግሎቱ የማቀርበው ቅሬታ የመክፈቻ ሰዓትን ይመለከታል። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከቀትር በኋላ ለረጅም ሰዓት ይዘጋሉ፤ ይህ የአገሩ ልማድ ስለሆነ ጎብኚው ሊለምደው ይገባል። የሚያሳዝነው የተለጠፈው ሰዓት ሳይከበር ሲቀር ነው። ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት መንደር፣ ክፍት መሆን በነበረበት ሰዓት በተቆለፈ በር ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ በፀሐይ ጠብቄ ሳልገባ ተመልሻለሁ፤ ማስታወቂያ እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ከመሄድ በፊት በስልክ ማረጋገጥ፣ እሑድ ጠዋትም የቅዳሴ ሰዓት መሆኑን አስቦ ጉብኝትን ማዘግየት ይበጃል። በሰሙነ ሕማማት ምስሎቹ ለዑደት ስለሚወጡ፣ ሕንፃውን በእርጋታ ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ሳምንት ይምረጥ።

የመጨረሻው ማረፊያዬ በማላጋ አውራጃ፣ በአርዳሌስ አቅራቢያ ያለው ቦባስትሮ ነበር። በኮርዶባ ሙስሊም ገዢዎች ላይ ያመፀው ዑመር ኢብን ሐፍሱን ምሽጉን በዚህ ተራራ ላይ አድርጎ ነበር፤ በ899 ክርስትናን ተቀበለ፣ በ917 ሞተ፣ ምሽጉም በ928 በኮርዶባው ገዢ በሣልሳዊ ዐብዱረሕማን እጅ ወደቀ። በዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ከድንጋይ የተገነባ ሳይሆን ከአለቱ የተፈለፈለ ውቅር ነው። ጣሪያ የለውም፤ ሦስቱ ክፍሎቹና የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቅስቶቹ ግን በግልጽ ይለያሉ፤ ሥራውም ሳያልቅ እንደቀረ ይታመናል። ከመኪና መንገዱ በዛፎች መካከል በእግር ስለሚወጣ ጥሩ ጫማና ውኃ ያስፈልጋል። ጌጥ ፈልጎ የሚመጣ ሰው እዚህ ምንም አያገኝም፤ እኔ ግን የመሮው ምልክት በአለቱ ላይ እስኪደበዝዝ ድረስ ተቀምጬ አመሸሁ።