ዩሪያ በኪሎ ወይስ ኮምፖስት በከረጢት?

ክረምት ሊገባ ሲል ስልኬ አያርፍም። እዚህ ጅማ፣ ከሂርማታ እስከ ጅሬን ያለ ወዳጅ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ለጓሮዬ ዩሪያ ልግዛ ወይስ ኮምፖስት?» አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

እኔ የኮምፖስት ወገን ነኝ። ገንዘቤን ከስሬ ነው የተማርኩት።

አምና ገበያ ላይ በኪሎ የሚሸጥ ዩሪያ በ120 ብር ሂሳብ 3 ኪሎ ገዛሁ። 360 ብር! ቤት ገብቼ ትንሽ በብርጭቆ ውሃ በጠበጥኩ። ደህና ዩሪያ ሙልጭ ብሎ ይሟሟል፤ ብርጭቆውም እጃችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። የኔው ግን ታች ላይ ነጭ ዝቃጭ ተወልኝ። የተፈጨ ድንጋይ ይሁን ሌላ፣ እንጃ። በሳምንቱ ብመለስ ሻጩ የለም።

በሂሳብ ከሄድን ዩሪያ ያሸንፋል፣ አልዋሽም። ከ1 ኪሎ ውስጥ 460 ግራሙ ናይትሮጅን ነው። ያን ያህል ከኮምፖስት ለማግኘት 50 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም አንድ ከረጢት ያህል፣ ያስፈልጋል። እኔ ከረጢቱን በ150 ብር እገዛለሁ፤ ባጃጁ 60 ይጨምራል። 210 ብር መሆኑ ነው።

ግን የኛ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። ፎስፈረሱን ብረትና አሉሚኒየም ጠፍረው ይይዙታል፤ ሥሩ ምግቡ አጠገቡ እያለ ይራባል። ዩሪያ ሲደጋገም አሲዱን ያባብሰዋል። ኤንፒኤስም (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ቢሆን ኖራ ካልቀደመው ፎስፈረሱ እዚያው ይታሰራል። ኮምፖስት እስሩን ያላላል፣ ውሃም ይይዛል። ከቡና ገለባ የተሠራ ከሆነማ ፖታሲየሙ ሌላ ነው።

ኮምፖስትም ታዲያ አስመሳይ አለው። አንዴ ከቡና መቀሸሪያ የወጣ ጥሬ ገለባ አፈር ነስንሰው ሸጡልኝ። ቃሪያዬ በ2 ሳምንት ቢጫ ሆነ፤ ያልበሰለ ገለባ ሲብላላ የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሱ ይወስዳላ። እጃችሁን ከረጢቱ ውስጥ እስከ ክርን ክተቱ። ከሞቀ ተዉት። የበሰለው ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ይሸታል፤ ገለባው አይለይም።

ጎመን ከገረጣ ዩሪያ ጠብ ማድረግ አይከፋም። አፈር አልብሱት እንጂ፤ ላይ ከቀረ አየር ይወስደዋል። ከምድጃ አመድ ጋር ደግሞ አትቀላቅሉት፣ በአሞኒያ ሽታ መልክ ይተንናል።

ስትገዙ «አንድ ማዳበሪያ ኮምፖስት» በሉ፤ ከረጢቱንም ማዳበሪያ ስለምንለው ሻጩ ይስቃል። ባዶውን መመለስ አትርሱ፣ ለኔ 20 ብር ይቀንሱልኛል።