ለአንዲት ሰንጢ 450 ዶላር? ትንሿ ሰበንዛ 31 ከስምንት ወር በኋላ

መጀመሪያ ስሙን እንጨርስ። በአማርኛ ይሄ ነገር ሰንጢ ነው፣ ሌላ ስም የለውም፣ ሰንጢ ሲባል ደግሞ ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ጨለማ ቦታ የሚቆም ዱርዬ ነው። እናቴ በቪዲዮ ስናወራ ጠረጴዛው ላይ አየቻትና "አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?" አለችኝ። ኧረ ካርቶን መክፈቻ ናት ብላት ደግሞ ስንት ገዛሃት አለች፣ እዛ ላይ ኔትወርኩ ተቆራረጠ አልኩ። ለእናንተ ግን አልደብቅም፣ ከነታክሱ ወደ 450 ዶላር ወጥቶባታል። አዎ ለአንዲት ሰንጢ።

ሜሪላንድ ውስጥ የሀበሻ ግሮሰሪ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ስቆርጥና ስቀድ ነው የምውለው፣ ካርቶን፣ የዕቃ ማሰሪያ ፕላስቲክ፣ የጤፍ ዱቄት ከረጢት፣ ከሁሉም የሚብሰው ግን ከአገር ቤት የሚላከው በርበሬና ሽሮ ነው፣ ታውቁታላችሁ አይደል እንዴት እንደሚታሸግ፣ ፌስታል በፌስታል ላይ፣ ከዛ ፕላስተር፣ ከዛ ማዳበሪያ፣ ከዛ እንደገና ፕላስተር፣ ሰው የላከው በርበሬ ሳይሆን ወርቅ ነው የሚመስለው። ለዚህ ሁሉ የሁለት ዶላር ከተር ይበቃል ወይ ካላችሁኝ ይበቃል፣ ጋሼ (የሱቁ ባለቤት) በየቀኑ የሚለኝም ይሄንኑ ነው።

እኔ ግን ከዚህች በፊት ኦንላይን በ20 ምናምን ዶላር የገዛኋት ሌላ ሰንጢ ነበረችኝ፣ ስሟን አልጠራም። ስለቷ ምንም አይወጣለትም ነበር፣ ምላጭ ነበረች። አንድ ቀን ወፍራም ካርቶን ውስጥ ተሰንቅራ ቀረችብኝ፣ ላወጣት ወደኋላ ስነቀንቃት መቆለፊያው ለቀቀና ሌባ ጣቴ ላይ ተዘጋች። አራት ስፌት። የዛን ቀን ነው የገባኝ፣ ስለትማ ማንም ሰው ሞርዶ ያመጣዋል፣ የሚታጠፍ ቢላ ላይ ብራችሁ የሚሄደው ማጠፊያው ጋ ነው። ይሄን ይዛችሁ ቀሪውን አንብቡ።

ይቺን ሰበንዛ የምትባል ሰንጢ የሚሠራው ክሪስ ሪቭ የሚባል ሰው ያቋቋመው ፋብሪካ ነው። ሰውየው ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ በ1989 ወደ አሜሪካ መጥቶ አይዳሆ ቦይሲ ከተማ ገባ፣ ሰበንዛ ማለትም በዙሉ ቋንቋ ሥራ ማለት ነው። ሰንጢ የሚለውን የዱርዬ ስም ለምደን ላደግን ሰዎች "ሥራ" የተባለች ሰንጢ ማግኘት ደስ ይላል፣ ለእናቴም እንደዛ ነው ያስረዳኋት፣ አልተቀበለችም። 31 የምትባለው በ2019 የወጣችው ናት፣ ትልቅና ትንሽ አላት። የኔ ትንሿ ናት፣ ስለቷ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 85 ግራም አካባቢ፣ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ዘለላዬ ትቀላለች።

ወደ መቆለፊያው ልምጣ። ብዙ ሰንጢ ውስጥ የሚቆልፈው እጀታው ውስጥ የገባ ቀጭን ብረት ነው። እዚህች ላይ ግን የሚቆልፈው ራሱ እጀታው ነው፣ የታይታኒየሙ አንዱ ጎን ተሰንጥቆ እንደ ስፕሪንግ ወደ ውስጥ እንዲገፋ ተደርጓል፣ ቢላው ሲከፈት ያ ወፍራም ታይታኒየም ሄዶ ከብረቱ (ከስለቱ) ጭራ ኋላ ይቀመጣል፣ እናንተ አጥብቃችሁ በጨበጣችሁ ቁጥር እሱም ይበልጥ ይጠብቃል። ይሄን አሠራር ያመጣው ራሱ ሪቭ ነው፣ ዛሬ ከቻይና እስከ ጣልያን ሁሉም ይሠራዋል። 31 ላይ ደግሞ ብረቱን የሚነካው ጫፍ ጋ ትንሽ የሴራሚክ ኳስ ቀብረውበታል፣ ታይታኒየም ብረትን ሲነካ የመጣበቅ አመል ስላለው ሴራሚኩ እሱን ያስቀራል፣ ቶሎም አይበላም። ስትከፍቷት ጠ የምትል አጭር ድምፅ አላት፣ ከዛ በኋላ ወደላይ ወደታች ወደጎን ብትነቀንቋት ንቅንቅ የለም። በስምንት ወር ምንም አልላላችም።

አከፋፈቷን በተመለከተ፣ ቪዲዮ ላይ እንደምታዩት በጣት ጠቅ ተደርጋ ጧ ብላ የምትወረወር አይነት እንዳትመስላችሁ። ውስጧ ኩሽኔታ የላትም፣ በሁለት የነሐስ ሮንዴላ (ስስ ቀለበት) መሀል ነው ብረቱ የሚንሸራተተው፣ አዲስ እያለች ጠጠር ትላለች፣ አውራ ጣት ታደክማለች። እኔ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ቲቪ እያየሁ ስከፍት ስዘጋ ከርሜ ነው የለቀቀችልኝ፣ አሁን ዘይት ውስጥ እንዳለ ነገር ቀስ ብላ እኩል ነው የምትሄደው። ፍጥነት ለሚወድ ሰው አትሆንም፣ በሕዝብ መሀል ደግሞ ቀስ ብላ መከፈቷ በጎ ነው፣ ደንበኛ ፊት ሰንጢ ጧ አድርገህ ከፍተህ "እትዬ ምን ልቁረጥልዎ" ብትል ሱቁ ባዶ ይቀራል።

ስለቷ የተሠራበት ብረት ማግናከት ይባላል፣ ላሪን ቶማስ የሚባል የብረት ሳይንቲስት የቀመረው፣ በ2021 ነው የወጣው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ዝገት እንዳይነካው ብረት ውስጥ ክሮሚየም ይጨመራል፣ ክሮሚየሙ ግን ከካርቦን ጋር ተያይዞ ትላልቅ ደረቅ ቅንጣቶች ይሠራና ስለቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ማግናከት ላይ ክሮሚየሙ ብረቱ ውስጥ ሟሙቶ እንዲቀር ነው የተደረገው፣ ስለቱ ቶሎ እንዳይበላ የሚያደርጉት ደግሞ ቫናዲየምና ኒዮቢየም የሚባሉ ሌሎች ማዕድናት ናቸው። በተግባር ስናየው ሎሚ ቆርጬባት ሳልጠርጋት አድራለች፣ ጠዋት ምንም ዝገት የለም። ካርቶን እየቆረጥኩባት በስምንት ወር ሦስቴ ነው የሞረድኳት፣ ስትሞርዱ ግን ተራ ድንጋይ ብዙ ያለፋል፣ የአልማዝ መሞረጃ ያዙ።

አሁን ዋናውን ፈተና ልንገራችሁ። ፋሲካ ላይ ጓደኛዬ ቤት ቁርጥ ነበር፣ ሥጋው ቀርቦ ቢላ አነሰ፣ ሰው ለሁለት አንድ ቢላ እየተቀባበለ ነው። እኔ ከኪሴ አወጣኋት። ግማሹ ሳቀ፣ አንዱ "ይሄ ልጅ ከሰንጢ ጋር ነው እንዴ የሚሄደው" አለ። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ ታላቁን ሥጋ ያዝኩና ጫፉን በጥርሴ ነክሼ እንደ ደንቡ ወደላይ ሳብ ሳደርጋት፣ ሥጋው ሳይጎተት ነው የለቀቀው። ጣቴን ሳይሆን አፍንጫዬን ነው የፈራሁት። ከዛ በኋላ እየዞረች አንድም ጊዜ ወደ እኔ አልተመለሰችም፣ የሳቀውም ሰውዬ ጨርሶ ነው የሰጠኝ።

ችግሩ ቤት ስገባ ነው የመጣው፣ ጮማው፣ ሚጥሚጣው፣ አዋዜው ሁሉ ማጠፊያው ውስጥ ገብቷል፣ ስትከፈት ትንኮሻኮሻለች። ሌላ ሰንጢ ቢሆን አለቀለት። ይቺ ግን ተፈትታ እንድትታጠብ ሆና ነው የተሠራችው፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አብሯት ይመጣል፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ሁለቱ የታይታኒየም ጎኖች፣ ብረቱ፣ ሮንዴላዎቹ ነጭ ፎጣ ላይ ተዘረጉ። ሮንዴላው ላይ ቀይ የሚጥሚጣ ቀለበት ተሠርቶ ነበር። አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ጠብታ ግራሶ ቀባሁ፣ መልሼ አጠበቅኩ። ብሎኑን እስከ መጨረሻው ነው የምታጠብቁት፣ እዚህ ጋ ይበቃል እያሉ መገመት የለም፣ ልኩ በፋብሪካ ስለተጨረሰ ጥብቅ አድርጋችሁም ብረቱ እንደ ድሮው ነው የሚሄደው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እኔ 450 ዶላሩን ያየሁት እዛች ፎጣ ላይ ነው።

የማልወድላት ነገር አለ። እጀታዋ አመድማ ለስላሳ ነው፣ እጅ ሥጋ ወይ ዘይት ሲነካው ያንሸራትታል። ከቁልፍ ጋር አንድ ኪስ ከከተታችኋት በሳምንት ትጫጫራለች፣ እኔ ግድ የለኝም ግን ሰው ያብዳል። የኪስ መያዣዋ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው፣ ግራኝ ከሆናችሁ የግራ ተብላ የምትሠራውን ለይታችሁ ማዘዝ አለባችሁ። ዋጋው ደግሞ ዋጋ ነው፣ የሷን አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ ኦፒኔል ቁጥር 8 ትገዛላችሁ፣ የፈረንሳይ የእንጨት እጀታ ያላት፣ ብርቱካን ለመላጥ ከዚህች ትበልጣለች፣ ስስ ናት።

ሌላው ሕጉ ነው። አንድ ቀን ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ቀበቶዬን ስፈታ ነው ኪሴ ውስጥ መኖሯ ትዝ ያለኝ፣ ላብ በላብ ሆኜ ሰልፉን ትቼ ወጣሁና ሻንጣዬን ቼክ አስደረግኩ፣ 35 ዶላር ከፈልኩላት፣ የራሴ ጥፋት ነው። በሻንጣ ትሄዳለች፣ በእጅ ግን በፍጹም። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፣ እንግሊዝ የምትቆልፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣት ወንጀል ነው፣ ርዝመቷ ቢያጥርም አያድናችሁም፣ ጀርመንም በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆልፍ ነገር ያለ ምክንያት ይዞ መዞር አይቻልም።

ማን ይግዛት? በቀን አንዴ የአማዞን ካርቶን ለሚከፍት ሰው አልመክርም፣ ከተር ግዙና በቀሪው ልጆቻችሁን ጋብዙ። ቀኑን ሙሉ እጁ ላይ ስለት ለሚይዝ፣ ዕቃ ፈትቶ ማጽዳት ለሚወድ፣ አንዴ ገዝቶ መርሳት ለሚፈልግ ግን ትሆናለች፣ ትንሿን ያዙ፣ ትልቋ ኪስ ትጎትታለች። የታወቀ ሻጭ ጋ ብቻ ሂዱ፣ የውሸቱ ብዙ ነው፣ ሳጥኑን ሳይቀር አስመስለው ይሠሩታል፣ በ60 ዶላር አዲስ ሰበንዛ አለኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የያዘው ሰበንዛ አይደለም።