ናሽናል ዱዎሊያን፦ ገንዘቡ ለኮኑና ለአንገቱ የሚከፈልበት አሮጌ ጊታር

በ1930ዎቹ የተሠራ ናሽናል ዱዎሊያን ጊታር ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ቀለሙን፣ ዝገቱንና የመለያ ቁጥሩን ነው፤ ሻጮችም በማስታወቂያቸው ላይ አብዝተው የሚጽፉት ስለ እነዚሁ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ይህን ጊታር ገዝቼ፣ ክዳኑን ከፍቼና ክሩን እየቀያየርኩ ከተጫወትኩበት በኋላ ግን የደረስኩበት አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። የዱዎሊያን ዋጋ ያለው ከክዳኑ ሥር በተቀመጠው፣ ድምፁን በሚያወጣው ሾጣጣ የአሉሚኒየም ኮን ላይና አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት አቅጣጫ ላይ ነው። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ቀለሙ ቢላጥ ግድ አይሰጥም፤ ሁለቱ ከተበላሹ ግን ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ጊታሩ ግድግዳ ላይ ከመሰቀል ያለፈ ጥቅም የለውም።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊታሩ ለምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1920ዎቹ ተራው የእንጨት ጊታር ከትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር በአንድ መድረክ ሲሰለፍ ድምፁ ይዋጥ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ጊታርም ገና አልመጣም። ጆርጅ ቢቻም የተባለ የሃዋይ ጊታር ተጫዋች፣ ከስሎቫኪያ ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደደውን የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ጆን ዶፒዬራን ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ጊታር እንዲሠራለት ጠየቀው። ዶፒዬራም እያንዳንዳቸው 6 ኢንች ስፋት ያላቸው ሦስት ስስ የአሉሚኒየም ኮኖች በብረት አካል ውስጥ አስገብቶ ዛሬ ትራይኮን የሚባለውን ጊታር ሠራ፤ ናሽናል ኩባንያም በ1927 በሎስ አንጀለስ ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ሽርክናው በጠብ ፈረሰና ዶፒዬራ ከወንድሞቹ ጋር ዶብሮ የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርት፣ ናሽናል ደግሞ አንድ 9 ተኩል ኢንች ኮን ብቻ ያለው፣ በርካሽ ሊሠራ የሚችል ጊታር ይዞ ቀጠለ። ዱዎሊያን የመጣው ከዚህ መስመር ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ከብረት ላሜራ ተሠርቶ በ32 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሸጥ የነበረ፣ ከኩባንያው የብረት ጊታሮች ሁሉ ርካሹ ነበር። የሚሲሲፒው የብሉዝ ተጫዋች ቡካ ዋይት የታወቀው በዚሁ ጊታር ነው፤ ሌላው የብሉዝ ተጫዋች ሰን ሃውስም በ1960ዎቹ ዳግም ወደ መድረክ ሲወጣ በእጁ የያዘው የናሽናል የብረት ጊታር ነበር።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በማሲንቆ ላይ ክሩን የተሸከመችው ትንሽ እንጨት በቀጥታ ቆዳው ላይ እንደምትቆም፣ ድምፁንም የሚያወጣው ቆዳው እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ስድስቱ ክሮች የሚያርፉበት የሜፕል እንጨት ቢስኪት በሚባል ክብ እንጨት አማካይነት በኮኑ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ የሚርገበገበውም አሉሚኒየሙ ነው። የብረቱ አካል በእንጨት ጊታር ላይ የፊት ሰሌዳው የሚሠራውን ሥራ አይሠራም። ኮኑን ዙሪያውን ደግፎ ይይዛል፣ ድምፁን ያቅፋል፣ በኤፍ ቅርጽ በተቀደዱት ሁለት ቀዳዳዎችም ያወጣዋል። ስለዚህ ኮኑ ከጎበጠ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ሌላው ሁሉ እንደ አዲስ ቢሆንም ጊታሩ ድምፁን አጥቷል ማለት ነው።

የእኔው ጊታር አንገቱ ከአካሉ ጋር በ12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መከፋፈያዎች በአንዱ) ላይ የሚገናኝ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት ወገን ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ኩባንያው ወደ 14 ፍሬት ተሸጋግሯል፤ እኔ ግን ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ ወደ አካሉ መሐል ጠጋ የሚልበትን የቀድሞውን አሠራር እመርጣለሁ። በአንገቱ ራስ ጫፍ ላይ በሲ ፊደል የሚጀምር ቁጥር ተመትቷል፤ ይህ የዱዎሊያን ምልክት ስለሆነ ገዢ ሁሉ ሊያየው ይገባል። ሻካራና ብልጭልጭ የነበረው ግራጫ ቀለም የተጫዋቾች ክንድ ሲያርፍበት በኖረው ጠርዝ በኩል እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቋል፤ እዚያም ቡናማ ዝገት ይታያል፤ ላሜራውን ግን አልበላውም። ብዙዎቹ ዱዎሊያኖች በየዘመኑ እንደገና ቀለም ተቀብተዋል፤ ይህ ለሰብሳቢ ዋጋውን ይቀንሰዋል፣ ለተጫዋች ግን መልካም አጋጣሚ ነው፤ ያው ድምፅ ባነሰ ገንዘብ ይገኛልና።

ክዳኑን መክፈት ቀላል ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክሮቹ ከላሉ በኋላ ዙሪያውን ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች በትክክለኛ መጠን ባለው ካቻቢቴ አንድ በአንድ መፍታት፣ የወጡበትንም ቦታ ምልክት አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ አሮጌ ብሎን ራሱ የተቀመጠበትን ቀዳዳ ለምዶታልና ሲቀያየር ይላላል። ክዳኑ ሲነሳ የታየኝ የመጀመሪያው ኮን ነበር። ከጎን ሲታይ ጫፉ ወደ ታች ሰምጧል፤ ቢስኪቱ የተቀመጠበት ቦታም ወደ ዝቅተኛዎቹ ክሮች በኩል ዘንበል ብሏል። በጣት ጥፍር በቀስታ ሲነካ በአብዛኛው ዙሪያው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ በአንዱ ጎን ግን ታፍኖ ይንጣጣል፤ ጠርዙ አካሉ ላይ በትክክል አላረፈም ማለት ነው። ሦስተኛው ክር ሲመታ ይሰማ የነበረው ዝዝታ ምንጩ ይህ ነበር። ከመግዛቱ በፊት ክዳኑ እንዲከፈትለት የጠየቀ ገዢ ይህን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያየዋል፤ ለመክፈት ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ መግዛትን አልመክርም።

አንገቱን በተመለከተ ዱዎሊያን ውስጡ የሚስተካከል የብረት ዘንግ የለውም። አንገቱ አካሉን ከውስጥ አቋርጦ በሚያልፍ እንጨት ተይዟል፤ አቅጣጫው የሚስተካከለውም በዚሁ እንጨት ሥር ስስ ሽብልቅ በማስገባት ነው። ይህ ሥራ ጊዜና ዕውቀት ስለሚጠይቅ፣ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ብዙ ጠጋኞች ክሩን ዝቅ ለማድረግ ሲሉ አቋራጭ መንገድ በመምረጥ በብሪጁ ላይ ያለውን ሜፕል ሞርደው አሳጥረውታል። ውጤቱ መጥፎ ነው። ክሩ ብሪጁን ተሻግሮ ወደ ጭራው ሲወርድ ሊኖረው የሚገባው ቁልቁለት ይጠፋል፣ በኮኑ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል፣ ጊታሩም ደካማና ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። አሮጌ ሬዞኔተር (እንዲህ በኮን የሚሠራ ጊታር) ሞክሮ «ይህን ያህል የሚወራለት ይህ ነው?» ያለ ሰው ካለ፣ የሞከረው እንዲህ የተጎዳውን ጊታር ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ። በእኔው ላይ አንገቱ በባለሙያ ተስተካክሎ፣ አዲስና ከፍ ያለ ሜፕል ተተክሎ፣ በ12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ወደ 3 ሚሊሜትር ገደማ እንዲሆን ተደርጓል፤ ይህ ለስላይድም (ክሩ ላይ ለሚንሸራተተው ቱቦ) ለጣትም የሚበቃ ነው።

በሰመጠው ኮን ፋንታ የገባው አዲሱ ኮን በካሊፎርኒያ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ከሚገኘው ከናሽናል ሬዞፎኒክ የመጣ ነው፤ ይህ ኩባንያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዶን ያንግና ማክግሬገር ጌይንስ የመሠረቱት፣ የጥንቱን አሠራር ተከትሎ ጊታርና ኮን የሚሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዲሱ ኮን ከአሮጌው ይልቅ ደረቅና ሹል ድምፅ ነበረው። በየዕለቱ ሲመታ እየላላ ሄዶ የመካከለኛዎቹ ክሮች ድምፅ ወፈረ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ድምፅ ለዚህ ጊታር ያለኝን ፍቅር አጽንቶታል፦ አውራ ጣት ስድስተኛውን ክር ሲመታ ድምፁ ወዲያው ፈንድቶ ይወጣል፣ ሳይንዛዛ ይወድቃል፣ ለቀጣዩ ምት ቦታ ይለቃል። ረጅም ድምፅ የሚፈልግ ሰው ወደ ትራይኮን መሄድ አለበት፤ እሱ ለስለስ ያለና የሚንሳፈፍ ነው። ብሉግራስ በሚባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ የሚሰማውን በአፍንጫ የሚወጣ የሚመስል ቃና የሚፈልግ ደግሞ ስምንት እግር ያለው ብሪጅ በተገለበጠ ኮን ላይ የሚቆምበትን የዶብሮን ዓይነት ይፈልግ። የዱዎሊያን ጠባይ አጭርና ቆፍጣና ነው፤ ለምት የተሠራ መሣሪያ ነው።

ክር ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። ጊታሩ ሲመጣ የተገጠመለት ከ0.012 እስከ 0.053 ኢንች ያለው፣ ለእንጨት ጊታር የሚመች ቀጭን ክር ነበር። ይህ ክር ኮኑን አያስነሳውም፤ ስላይዱም በትንሽ ጫና ፍሬቱን እየነካ ይንኳኳል። ከ0.013 እስከ 0.056 ያለው ይሻላል፤ ግን እሱም ብቻውን አይበቃም። ጊታሩ በኦፕን ጂ፣ ማለትም ከወፍራሙ ጀምሮ ዲ ጂ ዲ ጂ ቢ ዲ ተብሎ ሲቃኝ፣ ስድስተኛው፣ አምስተኛውና አንደኛው ክር እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ሲል ከውጥረቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ አንደኛው ክር በስላይድ ዜማው በብዛት የሚወጣበት ስለሆነ ጉዳቱ ጎልቶ የሚሰማው በእሱ ላይ ነው። 0.013ቱን አውጥቶ 0.015 መተካት ውጥረቱን በመደበኛው ቅኝት ወደነበረበት ይመልሰዋል። እኔ የተቀሩትን ከ0.013 ከሚጀምረው ስብስብ ወስጄ አንደኛውን ብቻ ለብቻው እገዛለሁ፤ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከ0.016 የሚጀምሩት የሬዞኔተር ስብስቦች በአብዛኛው ጭን ላይ ተጋድሞ በብረት ዘንግ ለሚመታው፣ አራት ማዕዘን አንገት ላለው ጊታር የታሰቡ ናቸው፤ ለዘጠና ዓመት ዕድሜ ላለው ክብ አንገት አልመክራቸውም።

ስለ ክሩ ማዕድን፣ ፎስፈር ብሮንዝ በብረት አካል ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ከልክ በላይ ይጮኻል፤ በኒኬል የተጠቀለለው ክር ግን ከጅምሩ ረጋ ያለ ነው፤ ምርጫዬም እሱ ነው። ክር ሲቀየር አንዱን አውጥቶ አንዱን ማስገባት ይገባል። ኮኑን በቦታው የያዘው የክሮቹ ጫና ብቻ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከወጡ ኮኑ ሊንሸራተት ይችላል። እንዲሁም ከፍ ባለ ቅኝት መጫወት የሚፈልግ ሰው ክሩን ወደ ኦፕን ኤ ከመወጠር ይልቅ ኦፕን ጂ ላይ ትቶ በሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን በአንገቱ ላይ የሚጫን ማሠሪያ) ይሠር፤ አንገቱ ተጨማሪ ውጥረት አያስፈልገውም።

ለአገራችን ሙዚቃ አፍቃሪ አንድ ነገር ልጨምር። የትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስት ድምፆች በኦፕን ጂ ላይ ያለ ችግር ይገኛሉ፤ ሦስቱ በባዶ ክር አሉ፣ የቀሩት ሁለቱም በሁለተኛው ፍሬት ላይ ናቸው። ስላይዱ ደግሞ በፍሬቶች መካከል ያሉትን ድምፆች እያንሸራተተ ስለሚያወጣ፣ ማሲንቆ የሚሰጠውን ዓይነት ተንሸራታች ዜማ በጊታር ለማምጣት ከሞከርኩት ሁሉ የቀረበው ይህ ነው። በተራ የእንጨት ጊታር ተመሳሳይ ነገር ስሞክር ዜማው መሐል ላይ ይሞታል፤ እዚህ ግን ኮኑ ተሸክሞት ይሄዳል።

ጉድለቶቹን መደበቅ አይገባም። ጊታሩ ከባድ ነው፤ ለረጅም ሰዓት በማንገቻ ቆሞ ለመጫወት ትከሻ ያደክማል። አንገቱ ከጀርባው ወፍራምና ሹል ስለሆነ ትንሽ እጅ ያለው ሰው ሙሉ ኮርዶችን (በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) ለመያዝ ይቸገራል። ብሪጁ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከ7ኛው ፍሬት በላይ በጣት የተያዙ ድምፆች ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ጋር አይስማሙም፤ በስላይድ ሲጫወቱ ግን ጆሮ ስለሚያስተካክለው አይታወቅም። በለሆሳስ ለሚዘፍንና በኮርድ ብቻ ለሚያጅብ ሰው ጥሩ የእንጨት ጊታር ከዚህ በእጅጉ ይሻለዋል።

ሆኖም አሮጌ የእንጨት ጊታርም የራሱ ዕዳ አለው። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ በብርዱ ወራት ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ሲሠራ የቤቱ አየር ይደርቃል፤ የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ካልተጠበቀ የድሮ የስፕሩስ እንጨት ሰሌዳ ይሰነጠቃል፣ ከውስጥ የተለጠፉት ድጋፎችም ይለቃሉ። የዱዎሊያን ላሜራ ይህ ስጋት የለበትም፤ ጠላቱ ላብና እርጥበት ብቻ ስለሆነ ከተጫወቱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ዱዎሊያን ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ያንን መክፈል የማይፈልግ ወይም ዕቃውን ይዞ ከመድረክ መድረክ መዞር ያለበት ሰው ናሽናል ሬዞፎኒክ በዚሁ መልክ የሚሠራውን አዲስ የብረት ጊታር ቢገዛ አይጎዳም፤ የሚስተካከል አንገትና አስተማማኝ መቃኛ ያገኛል። አሮጌውን ለመረጠ ግን ምክሬ ይህ ነው፦ ቀለሙ የተላጠውን፣ አንገቱ ቀጥ ያለውን ይግዛ፤ በዋጋው ላይ የአንድ ኮንና የአንድ አንገት ማስተካከያ ወጪ አስቀድሞ ይደምር፤ የወጣውን የመጀመሪያ ኮን ከነቢስኪቱ በካርቶን አሽጎ ከጊታሩ ጋር ያስቀምጥ፤ ወደፊት የሚገዛው ሰው ይጠይቀዋልና።