«የሃይላንዷን ሲስተር» ሳታገኙ ለጨረር አትሳፈሩ

ይህ ደሴ ላይ በካንሰር ክትትል ለምትሠራ አንዲት ነርስ የምናቀርበው የአደባባይ ምስጋና ነው። ስሜ አይነሳ ስላለች አናነሳውም። ታካሚዎቿ ግን «የሃይላንዷ ሲስተር» ይሏታል፣ በዚሁ ብትጠይቁ ታገኟታላችሁ።

ለማህፀን በር ካንሰር ጨረር የታዘዘላት ሴት ብዙውን ጊዜ 45 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ25 ቀን ተከፋፍሎ፣ በሳምንት 5 ቀን ይሰጣታል። ማህፀን ከፊቱ የሽንት ፊኛ፣ ከኋላው ደንዳኔ (የትልቁ አንጀት መጨረሻ)፣ ከላዩ ትንሹ አንጀት አለው። ፊኛው ሲሞላ አንጀቱን ወደ ላይ ገፍቶ ከጨረሩ መንገድ ያወጣዋል። ባዶ ሲሆን አንጀቱ ወደ ዳሌ ይወርዳል፣ ማህፀኑም ቦታ ይቀይራል። ዕቅዱ የሚሠራው በመጀመሪያው ሲቲ ስካን ላይ ስለሆነ የዚያን ቀኑ አሞላል በየቀኑ መደገም አለበት።

ይህን ማን ይነግራቸዋል? ስንት እናቶች ከሌላ ቦታ «ውሃ ጠጥተሽ ነይ» ብቻ ተብለው ተልከዋል! ስንት ውሃ? ከመሽናት በፊት ነው በኋላ? መልስ የለም። ለጨረሩ የሚሄዱበት አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራት ከዋዜማው ጀምራ ውሃ የተወች ሴት ሰውነቷ ደርቆ ትደርሳለች፤ ያኔ ብትጠጣም ፊኛዋ በሰዓቱ አይሞላም። ስካኑ ይደገማል፣ ቀጠሮው ይገፋል፣ የአልጋ ኪራዩ ይቆጥራል። ሕክምናው ደግሞ ከውስጥ የሚሰጠውን ጨረር ጨምሮ በ8 ሳምንት ውስጥ ማለቅ ያለበት ነው። የሚያንገበግበን፣ የአምስት ደቂቃ ምክር ያድነው እንደነበር ማወቃችን ነው።

ሲስተር ግን ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ታለማምዳቸዋለች። መጀመሪያ ሸንተው ይመጣሉ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣሉ። ከዚያ 45 ደቂቃ ሳይሸኑ ይቀመጣሉ፤ ሰዓቱን አስታማሚው በስልኩ ይይዛል። ሕክምና ቦታው ሌላ መጠን ከነገራቸው የዚያን እንዲከተሉ አጥብቃ ታሳስባለች። ከወረኢሉ የመጡ አንዲት እናት «ሊትሩን ሙሉ ልጠጣው» ሲሉ እጃቸውን ይዛ «አብሽሩ እማማ፣ የሚወጥር ሳይሆን የሚቻል ነው የምንፈልገው» ስትላቸው ሰምተናል። ልክ ናት። ጨረሩ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ፊኛውን ሲያስቆጣው ያን ያህል መያዝ አይቻልም፣ ዕቅዱና ሰውነቱም ይለያያሉ። የሚጾሙትን፣ ሙስሊምም ይሁኑ ክርስቲያን፣ በውሃው ሰዓት ላይ አስቀድማ ታነጋግራቸዋለች።

ስለ ደንዳኔም እንዲሁ። በጋዝ ወይም በሰገራ ከተወጠረ ማህፀኑን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከስካኑ ጥቂት ቀን ቀድመው ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ጥቅል ጎመንና ለስላሳ እንዲቀንሱ ትነግራቸዋለች። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ሆድ ሊያደርቅ እንደሚችልም ታውቃለች፤ ሁለት ቀን ሰገራ ካልወጣችሁ ለባለሙያው ሳትናገሩ ማሽኑ ላይ አትተኙ ትላለች። እናቶች ያፍራሉ፤ እሷ ስትጠይቃቸው ግን ይናገራሉ።

ጨረሩ ካለቀ ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ከሰገራ ጋር ደም ሲመጣ «ኪንታሮት ነው» ተብለው ቅባት ሲቀቡ የከረሙ አሉ። እሷ ካርዳቸው ላይ በትልቁ «ዳሌዋ ላይ ጨረር ወስዳለች» ብላ ከነወሩና ከነዓመቱ ትጽፍላቸዋለች፤ የትም ቢታከሙ ያንን ቀድመው እንዲያሳዩ ታዛለች። ጨረር ካገኘው የደንዳኔ የፊት ግድግዳ ላይ ሳያስፈልግ ናሙና ከተቆረጠ ቁስሉ ላይድን፣ ፌስቱላም (ከደንዳኔው ወደ ብልት የሚያሾልክ ቀዳዳ) ሊከፍት ይችላል። ያቺ አንዲት መስመር ስንቱን ትከለክላለች!

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ፤ አላህም እግዚአብሔርም ይስጥሽ። ሪፈር የተጻፈላችሁ፣ ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ያላችሁ፣ እባካችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አግኟት። አስታማሚያችሁንና አንድ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ።