ኪስ የምትገባዋ ዋይፋይ ኮዬ ፈጬ ላይ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄድብኝ ነበር። መረረኝና ባትሪውም ሞደሙም ዋይፋዩም አንድ ላይ የሆነች፣ ሲም የምትጎርስ የፎርጂ ዕቃ ገዛሁ። ከሳሙና ብዙም አትበልጥም።

ሳሎን መሃል ሳስቀምጣት ኔትወርኩ አንድ መስመር ነው፤ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ስትሆን ግን ሦስት ይሞላል፣ ኮንክሪቱ ሲግናሉን ይውጠዋላ። ስለዚህ ኑሮዋ መጋረጃ ሥር ሆኗል።

ካርቶኑ «8 ሰዓት ትቆያለች» ይላል። ቤተሰቡ ሁሉ ሲለጠፍባት 5ም አትደፍር። ትግላለች ደግሞ! ለሻጩ ብነግረው «ለክረምት ጥሩ ነው» ብሎኝ እርፍ።

ብቻ የዋይፋይዋን ሞገድ ከሴቲንጓ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉት፤ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። ስትገዙ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም እዚያው ከትታችሁ ሞክሩ፣ በአንዱ ብቻ የተቆለፈች አለች።