ለልጄ የታሪክ መምህርት የቀረበ ምስጋና

በሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም በቅርቡ ከአገር ቤት መጥታችሁ ልጆቻችሁን መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላስገባችሁ ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ልጄን የአሜሪካን የነጻነት ጦርነት ታሪክ ያስጠኑትን መምህርት ለማመስገን እና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለጉ መምህርት ብቻ እላቸዋለሁ።

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ እንግሊዝኛው ገና ነበር። እኔም ያደግኩት የዓድዋን ታሪክ እየሰማሁ ስለሆነ፣ ገዢውም ተገዢውም አንድ ቋንቋ የሚናገሩበትን የቅኝ ግዛት ጦርነት ላስረዳው አልቻልኩም። መጀመሪያ የወሰድኩት አንድ ማስጠኛ ማዕከል ክፍያውን አስቀድሞ ተቀብሎ የዓመተ ምሕረት ዝርዝር አሸከመው፤ 1765፣ 1773፣ 1776፣ 1783 እያለ እንደ ዳዊት ይደግማል፣ ማን በምን እንደተቆጣ ግን አያውቅም። ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሱ «ልጁ ዝምተኛ ነው» ብለው አሰናበቱኝ። ቀጥሎ ያገኘነው አስጠኚ ደግሞ አነጋገሩን በሌሎች ልጆች ፊት እየቀለደ ያርመው ስለነበር፣ ልጄ የታሪክ መጽሐፉን ከአልጋው ሥር መደበቅ ጀመረ። የከፈልኩትን ገንዘብ ትቼዋለሁ፤ ያንን መጽሐፍ ከአልጋ ሥር ማውጣቴን ግን አልረሳውም።

መምህርት ቅዳሜ ጠዋት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ልጆችን ሰብስበው ያስጠናሉ። የማስተማሪያ ዘዴያቸው ምን ተብሎ እንደሚጠራ አላውቅም። ነገር ግን የቴምብር ቀረጡን ሲያስተምሩ ልጆቹ በተጠቀሙበት ወረቀት ልክ ከዘቢባቸው ላይ ግብር አስከፈሏቸው፤ ልጄም ለጋዜጣና ለፍርድ ቤት ወረቀት ሳይቀር ቀረጥ የጣለው የእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ቅኝ ተገዢዎቹ አንድም ተወካይ እንዳልነበራቸው የገባው ዘቢቡ ሲያልቅበት ነው።

ከሁሉ የማመሰግናቸው ግን በአንድ ቅዳሜ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ሎርድ ደንሞር በኅዳር 1775 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ከአመጸኛ ጌቶቻቸው አምልጠው ለንጉሡ ጦር የሚሰለፉ ባሪያዎች ነጻ እንደሚወጡ አውጆ ነበር፤ ያቋቋመው ጦርም፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር ይባል ነበር። መምህርት በዚያ ዘመን ጥቁር ሕዝብ በጠቅላላው በዚህ ስም ይጠራ እንደነበር አስረድተው፣ «እናንተ ባሪያ ብትሆኑ ለማን ትሰለፋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ዝምተኛው ልጄ እጁን አወጣ፤ እንግሊዝኛው ሲያጥረው ደነገጠ። እርሳቸውም «በሚቀልህ ቋንቋ ተናገር፣ እኔ እተረጉምልሃለሁ» አሉት። በአማርኛ ረጅም ንግግር አደረገ፤ እርሳቸው አንድ ሐሳብ ሳያጎድሉ ለሌሎቹ አደረሱለት። ከዚያም ለሌላው ወገን፣ ለአሜሪካኖቹ፣ የተሰለፈውን የጄምስን ታሪክ ነገሩት፤ ይህ የቨርጂኒያ ባሪያ ከአሜሪካኖቹ ጎን ለተዋጋው ፈረንሳዊ ጄኔራል ለላፋዬት እየሰለለ እንግሊዞች የተሸነፉበትን የዮርክታውንን ድል ቢያግዝም፣ ነጻነቱን ያገኘው ለቨርጂኒያ ምክር ቤት አመልክቶ በ1787 ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ በጣም ተናደደ፤ ማታ እራት ላይ ለአባቱ እንደገና ተረከለት።

መምህርት ሆይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። ወላጆች፣ ልጃችሁ ታሪክ ከከበደው ሳትዘገዩ ወደ እርሳቸው ውሰዱት፤ ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱት። ክፍያቸው ተመጣጣኝ ነው፣ ለተቸገረም ያስተካክላሉ። አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የሚቀበሉት ጥቂት ልጆችን ስለሆነ ቀድማችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።