አራት በርጩማ በጣና ዳር፦ የአንዲት ጀበና ቡና ቤት ግምገማ

በባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገድ ጥቂት ገባ ብላ በዋርካ ጥላ ሥር የምትገኘው ትንሽ ጀበና ቡና ቤት ላለፉት ሁለት ዓመታት የዘወትር መቀመጫዬ ናት። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የላትም። በሥራ ዝውውር ወደዚህ ከተማ ስመጣ አንድም የቡና አጣጭ ስላልነበረኝ፣ በመጀመሪያ የፈለግሁት ጥሩ ቡና ሳይሆን ሰው የሚገኝበትን ቦታ ነበር፤ ይህን ግምገማ የምጽፈውም በዚያው ዓይን ነው።

ቡናው መልካም ነው። ባለቤቷ የዘጌ ቡና መሆኑን ይናገራሉ፤ ደንበኛው እያየ ተቆልቶና ተወቅጦ ይፈላል፤ ጤና አዳም የሚጨመረው ለጠየቀ ብቻ ነው። ከቆሎና ከፈንዲሻ ሌላ የሚበላ ነገር ስለሌለ ዓሣ ያማረው ሰው ወደ ሌላ ቤት መሄድ ይኖርበታል።

ይህችን ቤት ከሌሎቹ የሚለያት አቀማመጧ ነው። በርጩማዎቹ በየትንንሹ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት አራት ሆነው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ባለቤቷ ይህን ያደረጉት ቦታው ስለጠበባቸው እንደሆነ ነግረውኛል፤ ሆኖም እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰብስበው ሲጫወቱ አንድን ወሬ በአንድነት ይዘው የሚቆዩት እስከ አራት ሲሆኑ እንደሆነና ከዚያ ሲበልጡ ጨዋታው ለሁለት የመከፈል ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። እኔም ስድስት ሆነን ጠረጴዛ ባጋጠምንበት ቀን ሁሉ ይኸው ሲደርስ አይቻለሁ፤ አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ በዚህ በኩል ስለ ቤት ኪራይ፣ በዚያ በኩል ስለ ልጆች ትምህርት ይወራል። ደንባር ይበልጥ የሚታወቀው አንድ ሰው ጠብቆ ሊይዘው የሚችለው ትውውቅ 150 ገደማ ነው በማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስሌቱን መልሰው ሠርተው እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ገደብ ማስቀመጥ እንደማይቻል ስለተከራከሩ፣ እኔ ከ150ው ይልቅ በአራቱ ላይ እተማመናለሁ።

ሁለተኛው በጎነቷ ሰው አለማስቸኮሏ ነው። ሒሳብ የሚጠየቀው ለአቦሉ ብቻ ሲሆን ቶናውና በረካው በዚያው ይታሰባሉ፤ ቀድሞ ለሚነሣ ሰው ቀጂዋ «ጋሼ፣ ቶናው ሳይደርስ ወዴት ነው?» ትለዋለች። ሦስቱ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀላል ወዳጅነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ፣ የልብ ወዳጅነት ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ መቆየት እንደሚጠይቅ ገምቷል። በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ በረካ ለሚቀመጥ ሰው የመጀመሪያው ስምንት ወር ገደማ፣ ሁለተኛው ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ስለምሄድ ፈጥኜ ደርሻለሁ፤ ባለፈው ክረምት ታምሜ በተኛሁ ጊዜ አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ ደጄን ያንኳኳው በዚህች ቤት የተዋወቅሁት መምህር ነበር። ተመራማሪዋ ጁሊያን ሆልት ሉንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 የ148 ጥናቶችን ውጤት አጣምረው፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የላቀ መሆኑን ማሳየታቸውን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን አጥሚት ሳስታውስ ቁጥሩ አላስደነቀኝም።

ቤቷ በምትሞላበት ሰዓት ባለቤቷ ፈቃድ ጠይቀው የማናውቀውን ሰው በባዶው በርጩማ ላይ ያስቀምጣሉ። ይህን የማይወዱ ደንበኞች አሉ፤ እኔ ግን እደግፈዋለሁ። አሁን የምኖርበትን ቤት የጠቆመኝ ሁለት ጊዜ ብቻ አብሮኝ ቡና የጠጣ ሰው ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሰው ጥቆማ ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚውን አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ጽፏል፤ የቅርብ ወዳጆቻችን የሚሰሙት እኛው የምንሰማውን ስለሆነ፣ አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ሰፈርና ሌላ መሥሪያ ቤት ከሚውለው የሩቅ ትውውቅ ነው።

ጉድለቷም ሊነገር ይገባል። ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ስለሚከፈት፣ ለጨዋታ የተዘረጉት አራት በርጩማዎች ከንቱ ይሆናሉ፤ ሰዎች ይጯጯኻሉ፣ ከዚያም አቦላቸውን ጨልጠው ይነሣሉ። ለባለቤቷ በአክብሮት ነግሬያቸው «ወጣቶቹ ይወዱታል» አሉኝ፤ ይሁንና ድምፁ የተቀነሰበት አንድ ቅዳሜ ወጣቶቹም እስከ በረካ ሲቆዩ አይቻለሁ። በርጩማዎቹ መደገፊያ ስለሌላቸው ለአረጋውያን አይመቹም፤ ሁለት ባለ መደገፊያ ወንበር ቢጨመር ወጪው ትንሽ ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢደርስ ፀሐዩ በርዶ፣ ጀበናውም ተጥዶ ያገኛል። ብቻውን የሚመጣ ከሆነ ሦስት ሰዎች ካሉበት ጠረጴዛ እንዲያስቀምጡት ባለቤቷን ቢጠይቅ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።